የከብት ሜትርና አራቱ ጎማዎች

ዝናብ ሲገባ ከወንዙ ማዶ ያሉ ላሞች ሐኪም አጥተው ይከርማሉ። የከብት ሐኪሟን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። ሞተር ሳይክሏ ጭቃ ስትነካ ባለችበት ትሰምጣለች፤ አምና አንዲት ላም ምጥ ይዟት፣ ሐኪሟ በእግሯ እስክትደርስ ጥጃው አልጠበቃትም። ዘንድሮ ሰማዩ ሳይጠቁር በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ማግኘት አለባት። አዲሱማ የማይታሰብ ነው።

ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ግራጫ መኪናቸውን እንደሚሸጡ ስትሰማ መካኒክ ወንድሟን ይዛ ሄደች። አስቀድማም ደውላ፣ "ጋሼ፣ እስክንመጣ ሞተሩን እንዳያስነሱት" ብላ ለምናቸው ነበር። የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃላ! እንደደረሰች ኮፈኑን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ቀዝቃዛ ነው። ደስ አላት።

ወንድሟ ሞተሩን ሲያስነሳ እሷ የላሞችን ልብ የምትሰማበትን ማዳመጫ አውጥታ ብረቱ ላይ ለጠፈች።

"እታለም፣ ልትገዢው ነው ልታዋልጂው?"

"ዝም በል፣ ልቡን እየሰማሁ ነው።"

ልቡ ደህና ነበር፤ ጭሱም ንጹሕ። ጉዱ የወጣው መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው ግቢው ውስጥ ቀስ ብለው ሲዞሩ ነው። መኪናው እንደ ግትር በቅሎ ወደ ኋላ እየተሳበ ተንገጫገጨ። ወንድሟ ፊቱን አጨፈገገ።

"ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። እሱ ከሞተማ ደህና ሰንብት በይው።"

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። "አልደብቃችሁም፣ የኋላ ጎማዎቹን ከቀየርኩ ወዲህ ነው የጀመረው።"

ይኼኔ ሐኪሟ ከቦርሳዋ የከብት ሜትሯን መዘዘች፤ የበሬ ደረት ዙሪያውን ተለክቶ ክብደቱ የሚገመትበት ጥብጣብ ነው።

"ዶክተር፣ በሬ መሰለሽ እንዴ?" አሉ መምህሩ።

እሷ ግን ተንበርክካ የአራቱንም ጎማ ዙሪያ ለካች። የፊቶቹ ተበልተው ከኋላዎቹ አንሰዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ከትልቁ አብልጦ መዞር አለበት። የዚህ መኪና ፊትና ኋላ ደግሞ የተያያዘ ነው። እርምጃቸው የማይገጥም ሁለት በሬዎችን በአንድ ቀንበር እንደመጥመድ ማለት ነው፤ መሀል ያለው ክፍል እነሱን ሲያስታርቅ ይግላል፣ ዘይቱም ያርራል።

"ስንት ዘመን የክብ ዙሪያ አስተምሬ!" ብለው መምህሩ ግንባራቸውን መቱ።

ወንድሟ ከሥር ገብቶ ዘይቱን ጠብ አደረገና አሸተተው፤ የብረት ብናኝ ይኖርበት እንደሆነም በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ አየ። "አርሯል። ብረት ግን የለበትም።"

"እና አልሞተም፣ አሞታል ነው የምትለኝ?"

"አክመን እንየዋ።"

መምህሩ ፈቀዱ። ከሰፈሩ ጎሚስታ እኩል የሆኑ አራት ጎማዎች ተውሰው ገጠሙ፤ ዘይቱንም ቀየሩ። እንደገና ሲዞሩ ያ ሁሉ መንገጫገጭ ቀርቶ አንዲት ትንሽ ስቅታ ብቻ ተሰማች።

"ከወንዙ ማዶ ያደርስሻል" አለ ወንድሟ። "ጎማ ስትቀይሪ ግን አራቱንም ባንዴ! ሰማሽ?"

ሰምታለች። መኪናውንም፣ የተዋሱትን አራት ጎማዎችም ገዛች።

አሁን የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶታል። ከማዶ አንድ ገበሬ ላሙ ማማጥ እንደጀመረች ደውሏል። ሐኪሟ መስኮቱን ከፍታ፣ ያቺ ስቅታ ትመለስ እንደሆነ ጆሮዋን አቁማ፣ ጭቃማውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለች እየወጣች ነው።