የታጠቡት ሴራሚኮች

ባለፈው ሳምንት እናቴን ቀን ቀን የምትጠብቅልን አዲስ ልጅ ጣሊያን አገር፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። ከአገር ከወጣች ዓመት አልሞላትም። ገና ቦርሳዋን በቅጡ ሳታስቀምጥ ሰሃን ልታጥብ ስትነሳ እናቴ ከወንበሯ ሆና፣ «የኔ ልጅ፣ ሳትጠይቂ የሰው ዕቃ አትጠቢ። እኔ አንድ ጊዜ የሰው ሥራ አጥፍቻለሁ» አለቻት። ልጅቷ በትህትና «እሺ እማማ፣ እጠይቅዎታለሁ» አለች። እኔ ኮቴን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቀረሁ።

እናቴ ያለችው ነገር ሲሆን እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኦስቲያ ውስጥ የባህር ዳርቻን ሕይወት ከሚያጠኑ ተመራማሪዎች ጋር የተማሪ ልምምድ እሠራለሁ። የባህር ምርምር ሲባል ሰው ዶልፊንና ፀሐይ ይመስለዋል። የእኛ ሥራ ጭቃ ማጥለል፣ ጀልባ ላይ ማስመለስ፣ ከዚያ አጉሊ መነጽር ላይ ተደፍቶ ከምስር የምታንስ ዛጎል መቁጠር ነበር። እጄ ቢታጠብ የማይለቅ ሽታ ስለነበረው ባቡር ላይ ሰዎች ከጎኔ ይነሱ ነበር። ያም ሆኖ ሥራውን እወደው ነበር።

እናቴም እዚያው ታጸዳ ነበር። የተቀጠረችበት የጽዳት ማኅበር፣ ኮኦፔራቲቫው፣ እንዳጋጣሚ እዚያ መደባት። ዜናውን በደስታ ስትነግረኝ «እዚያ ስንገናኝ እንደማንተዋወቅ እንሁን» አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ብያታለሁ። ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። የአባቴ ስም ከእሷ አባት ስም ጋር ስለማይገናኝ ጣሊያኖቹ አልጠረጠሩም። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ መወልወያዋን ወደ ግድግዳ አስጠግታ «ቦንጆርኖ፣ ሲኞሪና» ትለኛለች። ዓቢይ ጾም ስለነበር ቺኮሪያ የሚባለውን ቅጠል ቀቅላ በዳቦ ጠቅልላ የሰጠችኝን ምሳ፣ ራሴ የሠራሁት አስመስዬ ከቡድኑ ጋር እበላለሁ።

ከሁሉም የምትቀርበኝ ጁሊያ ነበረች፤ ዶክትሬቷን የምትሠራ ልጅ። መዳፍ የሚያካክሉ ስምንት ሴራሚኮች ወደቡ አጠገብ ባህር ውስጥ አስጥላ ዓመት ሙሉ ጠብቃለች። ከባህሩ ፍጥረታት ማን ቀድሞ ተጣበቀባቸው፣ ማን ማንን ገፍቶ አስለቀቀ፤ ጥናቷ ይኸው ነው። በየካቲት ብርድ አወጣናቸው። ለሚያውቅ ሰው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ፤ ለማያውቅ ዝልግልግ ነገር የደረቀበት ቆሻሻ ሸክላ። ጁሊያ አደራ አለችኝ፤ የባህር ውሃው ገንዳ ውስጥ እንድከታቸው፣ «አይነካ» የሚለውን ወረቀትም እንድለጥፍ።

ጓደኞቼ ያን ምሽት ከተማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ቀጥረውኝ ነበር፤ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ሆነ። ጠዋት እደርሳለሁ ብዬ ዕቃ ማጠቢያው ላይ ትቻቸው ሮጥኩ። እናቴ ደግሞ በማለዳ ከሁሉም ቀድማ ትገባለች።

ስደርስ ክፍሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ስምንቱም በሽቦ ተፈግፍገው፣ ነጭ ሆነው፣ ፎጣ ላይ ተደርድረዋል። ጁሊያ አላለቀሰችም። አንዱን አንስታ ትክ ብላ ታየው ነበር።

የቡድናችን ኃላፊ የሆነው ፕሮፌሰር «አሎራ፣ እንግዲህ ማነው ከገንዳው ውጭ የተዋቸው?» አለ።

«እኔ ገንዳው ውስጥ ከትቻቸዋለሁ» አልኩ።

እናቴን አስጠሯት። ጓንቷን ሳታወልቅ መጣች።

«ሲኞራ፣ ከገንዳው ያወጧቸው እርስዎ ነዎት?»

አየችኝ። ከዚያ በተሰባበረ ጣሊያንኛዋ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ቆሽሸው ነበር» አለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ትንፍሽ አላልኩም።

ከሥራ ተባረረች። ጁሊያ ብዙም ሳትቆይ ትምህርቷን ትታ ሄደች። እኔ ተመረቅሁ። ያን ዕለት ቤት ስገባ እናቴ «በልተሻል?» ብቻ ነው ያለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስላላነሳችው እኔም አላነሳሁትም። ዝምታዋን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት፤ እንዲያ ቢሆን ስለሚመቸኝ።

አሁን ሰማንያን አልፋለች፤ ትረሳለች። ለእኔ ብላ የዋሸችውን እውነት ነው ብላ ይዛዋለች። ልጅቷ ከሄደች በኋላ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የዋጥኩትን አወጣሁት። «እማዬ፣ አንቺ ከገንዳው አላወጣሽም። ማጠቢያው ላይ የተውኳቸው እኔ ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

ጉንጬን ዳበሰችኝ። «አንቺማ እኔን ለማጽናናት የማትዪው የለም። ተዪ፣ ልጄ። በእነዚህ እጆቼ ነው ያወጣኋቸው፤ ውሃው እንዴት ይቀዘቅዝ ነበር! ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ፤ ስግደት አዘውኛል።»

ደጋግሜ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ሰው እዚሁ አጠገቤ አለች፣ እኔ እንደበደልኳት ግን አታውቅም። ዛሬም ጠዋት፣ ያበጠ ጉልበቷን በእጇ እየደገፈች፣ በእኔ ኃጢአት ስትሰግድ አየኋት።