እጅ መስጠት የተከለከለበት ክረምት

ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቶ ሜይፌር ያለችው አፓርታማዬ የገባው በኮሮናው የመጀመሪያ ክረምት ነው። የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፤ ደረቅ ብርድ ነው፣ አጥንት ድረስ ይገባል። ከከተማው ወጣ ብሎ ቴምቢሳ በሚባል ሰፈር ከሸሪኩ ጋር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። ሁለት ጊዜ ተዘርፎ ሁለት ጊዜ እንደገና የከፈተ፣ የዱቄት ጆንያ በአንድ ትከሻው ተሸክሞ ከደንበኛ ጋር በዙሉ የሚቀላለድ ሰው ነው። እኔ ቤት የገባው ግን ሌላ ሰው ነበር። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤት ሄዶ ሲመለስ ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ አንዲት አጭር ነገር ለመናገር መሃል ላይ ትንፋሽ ይለምናል።

ሐኪሟ ስታሰናብተው ነገሩን አልሸፋፈነችም። ሳንባው የሚመለሰው ከተንቀሳቀሰ ነው፤ ከተኛ ግን ተኝቶ ይቀራል አለችን። እሱም ተኛ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ አውሮፕላን መብረር ሲጀምር አገሬ እገባለሁ፣ ሱቁን ሸሪኬ ለፈለገው ይሽጠው አለ። ሸሪኩም ገዢ አግኝቶ የእሱን ቃል ብቻ ይጠብቅ ነበር።

እኔ ትዕግሥት ሲታደል አልነበርኩም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት።

“ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” አልኩት አንድ ቀን።

“እንቁላሉን... ኮሮና አልያዘውም” አለኝ።

መጽሐፉን ያነሳሁት እሱን ለማዳን አስቤ ነው ብል ውሸት ነው። ዝምታው አስመርሮኝ ነው። ከቤት አትውጡ ከመባሉ በፊት ፎርድስበርግ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ፈረስ አምሮኝ የገዛሁት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፈረንሳዮች እስፔንን ሲይዙ ዱር ገብቶ የተዋጋቸው የአንድ ገበሬ ታሪክ ነው። አልጋው አጠገብ ተቀምጬ እንግሊዝኛውን በልቤ እያነበብኩ በአማርኛ ጮክ ብዬ መናገር ጀመርኩ፤ ቢሰማም ባይሰማም ብዬ።

“ፈረንሳዮቹ ሽፍታ ነበር የሚሉት” አልኩ።

ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። “ሽፍታ ያለው ማነው?”

“ፈረንሳዮቹ።”

“አገሩን የቀሙት?”

“አዎ።”

“ታዲያ ምን እንዲሉት ፈለግሽ? ቴምቢሳ ያለው ሰው ሁሉ... እኔን ‘ማይ ፍሬንድ’ ነው የሚለኝ። ሱቁን የሰበሩትም... ማይ ፍሬንድ እያሉ ነው የሰበሩት። በሚጠሩት ስም... ሰው አይታወቅም። አርበኛ በይው።”

ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ እንዲህ ብዙ ሲናገር አልሰማሁትም ነበር። አርበኛ አልኩት፤ ቀጠልኩ። በማግስቱ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ጠበቀኝ።

አርበኛው መደበኛ ጦር አልነበረውም። ጥቂት ጓደኞቹን ይዞ ከማድሪድ ወደ ሰሜን የሚወስደውን መንገድ ይጠብቃል፤ መልእክተኛ ይይዛል፣ ስንቅ ይነጥቃል። ፈረንሳዮቹ ኃይል ጨምረው ሲመጡ ተራራው ባዶ ነው። ይህ ለወንድሜ አልተዋጠለትም።

“ይሸሻል በይኛ።”

“አይሸሽም። አርፎ ይመለሳል።”

“ወንድ አይደለም እንዴ? ፊት ለፊት አይገጥምም?”

“ፊት ለፊት ቢገጥም በአንድ ቀን አልቆለት ነበር።”

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒዩተሬ ላይ የቢሮ ሥራዬን እየሠራሁ ኮቴ ሰማሁና ብወጣ ኮሪደሩ መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በርጩማውን ራሱ ነው ጎትቶ ያመጣው። ክው ብዬ “ምን ሆንክ?” አልኩት።

“አርፌ ነው” አለኝ። “እመለሳለሁ።”

ከዚያ ወዲያ ቤቱን የጦር ሜዳ አደረገው። በየጥጉ ወንበር አስቀመጠ፤ ወንበሮቹን “ተራራዎቼ” ይላቸዋል። ትንፋሹ ከማለቁ በፊት ተራራው ላይ ይደርሳል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይወጣል። የእግሬ ጣት ስንቴ በተራራዎቹ እንደተመታ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ግን አንድም ቀን አላጉረመረምኩም። ደስታዬን ደብቄ ንባቤን ቀጠልኩ።

ፈረንሳዮቹ በጦር ሲያቅታቸው የአርበኛውን እናት አሰሩ፤ ልጃቸው ገብቶ እንዲያዝ። እዚህ ላይ ወንድሜ አንገቱን ከትራሱ ቀና አደረገ።

“እጅ ሰጠ?”

“አልሰጠም። እናቴን ብትነኩ የያዝኳቸውን ወታደሮቻችሁን እፈጃለሁ ብሎ ላከባቸው። እናቱን ፈቱለት።”

ብርድ ልብሱን በጥፊ መታው። “ጎሽ!”

በዚያው ሰሞን ሸሪኩ ዳቦና ወተት ይዞልን መጣ። ማስክ አድርጎ በሩ ላይ እንደቆመ በልማድ እጁን ሲዘረጋ ወንድሜ የራሱን እጅ ወደ ኋላ ደበቀ። “አይሆንም፣ ዘንድሮ እጅ መስጠት ክልክል ነው” አለ። ሸሪኩ የኮሮናውን መስሎት ሳቀ። እኔና ወንድሜ የሳቅነው በሌላ ነበር፤ ሳቃችን ሲበዛበት ሰውየው ግራ ተጋባ።

ግን ሸሪኩ ቆየት ብሎ የገዢውን ነገር አነሳ። ገዢው አልታገሥም ብሏል፤ ቁርጡን ንገሩኝ ይላል። የወንድሜ ሳቅ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ፣ “እስከ እሁድ ካልደወልኩልህ ሽጠው” አለ።

ሸሪኩ ሲሄድ ወንድሜ ላይ ጮኽኩበት። እሱ ግን በሩን በጣቱ አሳየኝ። “ቤት ውስጥ መንጎራደድ ሌላ፣ ሱቅ መቆም ሌላ። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ደረጃው እዚያ ነው። ደረጃ የማይወጣ ሰው ጆንያ አያነሳም።” እውነቱን ነበር።

ቀሪውን ምዕራፍ ብቻዬን ቀድሜ ያነበብኩት ያን ዕለት ነው፤ ባላነበብኩት። ፈረንሳዮቹ ተሸንፈው ከወጡ በኋላ፣ አርበኛው የተዋጋለት ንጉሥ ራሱ ዙፋኑ ላይ ተመልሶ ይሰቅለዋል። ይህ ለታመመ ሰው እንዴት ይነበባል? እሁድ ደርሶ ወንድሜ ሲጠብቀኝ ራሴን አሞኛል አልኩት።

“ሞተ አይደል?” አለኝ። “ፊትሽ ላይ ተጽፏል። አንብቢው፤ ልጅ አይደለሁም።”

ነገርኩት። ንጉሡ ሕዝቡን መርገጥ ሲጀምር አርበኛው ዝም አላለም፤ በማዕረግ ሊያባብሉት ቢሞክሩም እምቢ አለ። ያዙት። በገበያ ቀን በብረት ፍርግርግ ሳጥን ውስጥ አቁመው የገዛ አገሩ ሰው እንዲሰድበው አደረጉ። በመጨረሻ እጁን በካቴና አስረው ወደ መስቀያው ወሰዱት። መንገድ ላይ ካቴናውን በጠሰ። ወታደሮቹ ተረባርበው እስኪጥሉት ድረስ በባዶ እጁ ታገላቸው።

አጠፋሁት ብዬ ፈራሁ።

“ካቴናውን በጠሰው?”

“እንደዚያ ነው የሚሉት።”

“ሊሞት እየሄደ?”

“አዎ።”

“ድገሚልኝ።”

ደገምኩለት። ከዚያ ተነስቶ ነጠላ ጫማውን አወለቀና ከሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ ያልነካውን የሱቅ ሥራ ጫማውን አደረገ። ልደግፈው ስነሳ፣ “ወንበሩን ያዢልኝ፣ እኔን አትያዢኝ” አለ። በሩን ከፍቶ ወደ ጣሪያው ሰገነት የሚያወጣውን ደረጃ ጀመረ።

ጥቂት ይወጣል፣ ወንበሩን አስቀምጥለታለሁ፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። አንድ መታጠፊያ ላይ ከንፈሩ ሲገረጣ እንመለስ አልኩት፤ ወይ ፍንክች። የሰገነቱን በር በትከሻው ገፍቶ ሲከፍት ፀሐዩ ፊታችን ላይ ፈሰሰ።

ሁላችንም ጎጎ፣ አያቴ፣ የምንላቸው ጎረቤታችን የዙሉ አሮጊት ልብስ እያሰጡ ነበር። ከእነ ማስካቸው ዞረው፣ “ኡንጃኒ ባባ?” አሉት፤ እንዴት ነህ ነው። እጁን አንስቶ ጠብቁኝ አላቸው። ጠበቁት። አየሩን ስቦ፣ ስቦ፣ “ንጊያፊላ፣ ጎጎ!” አለ፤ በአንድ ትንፋሽ። ደህና ነኝ ለማለት ዙሉዎች እንዲህ ነው የሚሉት፤ ቃሉ በቁሙ ሲፈታ “በሕይወት አለሁ” ነው። እኔ የሰዉን አንሶላ ይዤ አለቀስኩ።

እሱ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። የሸሪኩ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

“ምንድነው እንዲህ የሚያስለከልክህ? እየሮጥክ ነው እንዴ?”

“አዎ፣ እየሮጥኩ ነው” አለ ወንድሜ። “ሱቁን እንዳትሸጥ።”