በርጫ ላይ የተዛወረው የባጃጅ ተራ

የቀበሌያችን የትራንስፖርት ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ሴት ጠፍታ ነው። ኮሚቴው ያለ ሴት አይጸድቅም ተብለው ኖሮ ሊቀመንበሩ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው ቢቀመጡልን ይበቃል» አለኝ።

ዝም ብዬ ለመቀመጥ ቤቴም ወንበር አላጣሁም። እሺ ያልኩት ለጎረቤቴ ብዬ ነው። ጎረቤቴ አትክልት ከገበያ አምጥታ በራፏ ላይ ትቸረችራለች፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ባጃጆቹ የሚቆሙት ከሰፈራችን መግቢያ፣ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ነበር። ወደ ዳገቱ ጫፍ፣ ሆቴሉ ፊት ለፊት ይዛወሩ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ከተዛወሩ ጆንያዋን ተሸክማ ያን ጭቃ መውረዷ ነው።

በስብሰባው ላይ ተናገርኩ። «ገበያ ጭነት የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ጤና ጣቢያ የሚመላለሱትም እነሱው ናቸው። ተራው ካለበት አይነሣ።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ የባጃጅ ባለንብረት «እውነትዎን ነው፣ ሃዳ ኮ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል ተብሎ ተበተንን። ወንዶቹ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው ተያይዘው ወደ ሊቀመንበሩ ቤት ሄዱ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሳይደርስ ባጃጆቹ ሆቴሉ ፊት ተሰልፈው አየሁ። ሊቀመንበሩን ከነጓደኞቹ እዚያው አገኘሁት።

«መቼ ተወሰነ?» አልኩት።

«ያን ዕለት በርጫ ላይ ተነጋግረን ጨረስነው።»

«እኔስ?»

«ኧረ እማማ! እርስዎን ጫት ላይ እንዴት እንጥራ? ነውር አይሆንም?»

«ቢመጡማ ጫቱን ከእጃችን ነጥቀው ለፍየል ይሰጡት ነበር» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ነውር የሚለው ቃል ከዚያ አረንጓዴ ጥርስ መሃል ወጣ። የሰፈር ሴት ሁሉ የምትሄድበትን መንገድ ጉንጫቸውን ወጥረው፣ ትራስ ተደግፈው ወስነው፣ ነውሩ እኔን መጥራት ሆነ።

ክረምቱ ገባ። ጎረቤቴ ከነጆንያዋ ጭቃው ላይ ወደቀች። ፅንሱ ተረፈ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ገበያ አልሄደችም። በራፏ ላይ የምትዘረጋው ሸራም ተጠቅልሎ ቀረ።

አዲሱ ተራ ታፔላ የተተከለለት ዕለት ጠሩኝ። ሰው ተሰብስቧል፤ ፎቶ አንሺም ቆሟል።

«እማማ፣ ይመርቁልን» አለ ሊቀመንበሩ።

«በርጫው ላይ የነበሩት ይመርቁት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ ተክተውኝ እጃቸውን ዘረጉ። ሰዉ «አሜን» ሲል ቁልቁለቱን ጀምሬ ነበር፤ የማያዳልጠውን እየመረጥኩ፣ ቀስ ብዬ ወረድኩ።