ስጨርስ ይከፍሉኛል

ጋሽ ስፖንጅ ያሉት ሰውነቱ ለስላሳ ስለሆነ አይደለም፤ እንደ ምስማር የቀጠነ ሰው ነው። ሶፋ ሠሪ ነው። ቢታጠብም ቢያበጥርም የስፖንጅ ፍርፋሪ ከፀጉሩ አይጠፋም። አንዷ ጎረቤት «ይሄ ሰውዬ ሆዱ ተቀዶ ነው መሰል፣ የተሞላበት እየወጣ ነው» ብላ ቀለደች፤ ስሙ በዚያው ቀረ።

በሶፋ ሠሪዎች መካከል ቀብድ የሚበላ ሰው አይጠፋም። ቀብዱን ይበላል፣ ስልኩን ያጠፋል፣ ሙሽሮቹ ወልደው ሲያበቁ «ሶፋችሁ ደርሷል» ብሎ ይደውላል። ጋሽ ስፖንጅ በነዚህ ሲያፍር ነው የኖረው። እሱ ጣውላውንም ጨርቁንም ከራሱ ኪስ ገዝቶ ይሠራል፤ ደንበኛው ኪሱን ሲዳብስ «ስጨርስ ይከፍሉኛል፤ መጀመሪያ ይቀመጡበት» ይላል። የሰው ሁሉ መለኪያው ይህችው ነበረች። ቀድሞ የሚጠይቅ ሌባ፣ ጨርሶ የሚጠይቅ ጨዋ። ለሶፋ የምትሠራ መለኪያ ለሌላው ዓለም እንደማትሠራ የነገረው ሰው አልነበረም።

ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረው የሥራ ቦታውን ሊያሰፋ ነው። አሰፋውም። ወዲያው በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ፣ ዓመት ሳይሞላው እግሩ የሚወልቅ ርካሽ ሶፋ ገበያውን ወረረ። ክፍያው መጀመሪያ ተንጠባጠበ፣ ቀጥሎ ቆመ። ማስጠንቀቂያ መጣ፤ ካልከፈለ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥ ነው።

ሚስቱ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲርቃት ቤቱን በመዳፏ ስታጠና ከረመች፤ ስለዚህ በዚያ ቤት ውስጥ ዕውር አልነበረችም። ምድጃ ትለኩሳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ግቢ ወጥታ ልብስ ታሰጣለች፣ እንግዳ ሲሄድ «ይቺን ወንበር ማነው ያነቃነቃት?» ብላ ትቆጣለች። ከአጥሩ ውጭ ግን ያለ ሰው እጅ አትንቀሳቀስም። ሐራጁ ሊወስድ የመጣው ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ አልነበረም።

ያገባች ልጃቸው ጠይቃ አጣርታ አባቷን ወደ አንዲት ጠበቃ ወሰደችው። አሳንሰሩ የተበላሸ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ፈቃድ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፤ ሳቅ አታበዛም። የብድር ውሉን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብባ እውነቱን ነገረችው። ሐራጁን አስቆማለሁ ብላ ቃል አትገባም። ጊዜው ሳያልፍ አብራው ባንክ ሄዳ ክፍያው እንዲራዘም ትጠይቃለች፤ እምቢ ካሉ ቤቱ በሐራጅ ከሚረክስ ራሱ በደህና ዋጋ ይሸጠዋል። ፈቃዷን መዝጋቢው ቢሮ ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። ውል ይፈራረማሉ፣ ግማሹን አሁን ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይቀበላል።

እሱ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ግማሹን አሁን» የሚለውን ብቻ ነው። ደረጃውን እየወረደ ልጁን ተቆጣት።

«ቃል አልገባም ትላለች፣ ቀብድ ግን ትፈልጋለች። እኔ እንዲህ ብል ማን ሶፋ ያሠራኛል?»

«አባዬ፣ ይሄ ሶፋ አይደለም» አለችው። አልሰማትም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። የጨነቀውን ሰው ሽታ የሚያውቁ ደግሞ አሉ። መላ የሚሉት ጉዳይ አስፈጻሚ እንዲህ ነው፤ «ለሁሉም መላ አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ሙያ ሲኖረው ያየ የለም። የጋሽ ስፖንጅ ሥራ ቦታ ድረስ መጣ። ገና ጨርቅ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ወደ ታች እየነጠረ ሞላውን አደነቀ። ባንኩ ውስጥ ሰው እንዳለው፣ ነገሩ በእጁ እንዳለቀ አወራ። ጋሽ ስፖንጅ ስንት እንደሚያስከፍል ሲጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ፋዘር፣ እኔ ቀብድ አልበላም። ስጨርስ ይከፍሉኛል።»

የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሰማና አመነ።

መላ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋሽ ስፖንጅ ከባንኩ ጋር እንዳይነጋገር። ሁለት ሰው ካወራ ነገሩ ይበላሻል፤ ቢደውሉ አያንሳ፣ ደብዳቤ ቢመጣ ሳይከፍት ለሱ ይስጥ። ባንኩ ደወለ። ክፍያውን ስለ ማራዘም እንነጋገር ብሎ ጻፈም። ጋሽ ስፖንጅ ስልኩን አላነሳም፣ ደብዳቤውንም እንደታሸገ ለመላ አስረከበ። ባንኩስ? «ጽፌያለሁ፣ ደውያለሁ፣ ፋይሉ ተሟልቷል» አለ። ከዚያ ሁሉ ባለ ክራባት አንድ እንኳ አጥሩን አንኳኩቶ «አባት፣ ምን ሆነው ነው ዝም ያሉት?» ያለ የለም። ጋሽ ስፖንጅ ግን በነዚያ ሳምንታት እንቅልፍ ወሰደው። ሚስቱን «አለቀ፣ አታስቢ» ይላታል። ነገሩ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ የማታውቀው እርምጃ ግቢው ውስጥ ሰማች።

«ማነው?»

ሰውዬው ባለበት ቆመ። ዓይኗን አይቶ ይሆናል።

«እናቴ፣ ሰው ይኖርበታል አላሉኝም» አለ። «ቤቱን በሐራጅ የገዛሁት ነኝ።»

እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሰቀለች፣ አስተካከለች፣ በመቆንጠጫ ያዘችው። ከዚያ ልትገባ ስትል፣ ዕድሜዋን ሙሉ የወጣችበትን ደረጃ ሳተችና ወደቀች።

መላ ሥራውንማ ጨርሷል። ሥራው የቤቱን ባለቤት አስተኝቶ ማቆየት ነበር፤ ገዢ ያመጣውም፣ ከገዢው ኮሚሽን የተቀበለውም እሱ ነው። ስልኩ አይሠራም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እኛማ ያንን ሰው እናውቀዋለን» ይል ጀመር። ታውቁት ከነበረ አፋችሁን ማን ሰፋው?

ጋሽ ስፖንጅ የጠበቃዋን ፎቅ ደረጃ እንደገና ወጣ። ጠበቃዋ አልወቀሰችውም። እሱ ነው ያስጨነቃት፣ ያኔ ውል ቢፈራረማት ኖሮ ቤቱ ይድን እንደነበር እየጠየቀ። ወረቀቶቹን አስተካከለች።

«ንገሪኝ ልጄ።»

«ጊዜ ይሰጡዎት ነበር፣ አባቴ» አለችው።

መላን ከሰሰችለት፤ ክሱ እስካሁን በቀጠሮ ላይ ነው። ከሐራጁ ዕዳው ተቀንሶ የተረፈችውንም ከባንኩ አስለቀቀችለት። በዚያች ብር አንድ ክፍል ተከራዩ። ልጃቸው የምትኖረው በባሏ ወላጆች ቤት ነው፣ ማስጠጊያ የላትም።

አዲሱ ክፍል ጥግ በጥግ ነው። የአልጋው ጠርዝ፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የበሩ ብረት ሁሉ ሚስቱን አገኛት፤ ክንዷና ግንባሯ በለዘ። ጋሽ ስፖንጅ መርፌና ክሩን አመጣ። ለማንም ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ያዘ፤ ጥጉን ሁሉ ስፖንጅ እያለበሰ፣ ጨርቅ እየሰፋ፣ ዙሪያውን ግድግዳው ላይ በትንንሽ ምስማር መታ። ሚስቱ እየዳበሰች ተከተለችው። ከበሩ እስከ ምድጃው ብቻዋን ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሄደች።

አከራይዋ ድምፁን ሰምታ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ግድግዳው አዲስ ቀለም ነው፣ ምስማር አይመታም ተባብለው ነበር።

ጋሽ ስፖንጅ ይቅርታ ጠይቆ ጉጠቱን አነሳ። አንዱን ነቅሎ ወደ ሌላው ሲሄድ ሚስቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ታዳምጥ ነበር።

«ቀስ ብለህ ንቀለው፣ ቀለሙ እንዳይላጥ» አለችው። «እኔ መቀመጥ እለምዳለሁ።»

አሁን ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት እጇ የሚደርስበት ቦታ ላይ ውሃ ያስቀምጥላታል።