«ሞር ኦፍተን» ያስተማርኩበት ዓመት

ያን ጊዜ ቁጡ ነበርኩ። ባለቤቴ አሁንም አልዳነም ትላለች፤ እሷ የምታውቀው ግን የበረደውን ነው። ከነቀምት ወጥቼ አሶሳ አጠገብ ባለ አንድ የሠፈራ ጣቢያ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው በሙቀትም ይናደዳል፣ በምስጥም ይናደዳል፣ በጠመኔ እጥረትም ይናደዳል። እኔ ሦስቱንም አላስቀረሁም።

ትምህርት ቤታችን ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነበር። ሰባተኛ ክፍል ውስጥ የጮህኩት ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለሚሰማ አንዱን ክፍል ስገሥጽ ሌላውም አብሮ ይታረም ነበር። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጡ የሠፋሪ ልጆች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ከአካባቢው መንደሮች የሚመጡ በርታዎች። እወዳቸው ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ስጮህባቸው ስለሆነ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ነገር ከሌላው አንጻር ምን ያህል ደጋግሞ እንደሚደረግ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር ሳስተምር ነው። መንገዱ ሦስት ነው። ከሌላው በላይ ደጋግመህ የምታደርገው ከሆነ «ሞር ኦፍተን ዛን» ትላለህ፤ ባነሰ ከሆነ «ሌስ ኦፍተን ዛን»፤ እኩል ከሆነ «አዝ ኦፍተን አዝ»። መጽሐፉ ለምሳሌ ያቀረበው ከቲያትር ይልቅ ሲኒማ ቤት ደጋግሞ የሚሄድ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ባሕር ዳርቻ የሚዝናና አንድ ሰውዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሲኒማ ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ባሕር ደግሞ እኔም አላየሁም። ስለዚህ መጽሐፉን ዘጋሁና «የራሳችሁን ኑሮ ጻፉ» አልኳቸው። «አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ውሸት አይጻፍም።»

ደብተሮቹን ሰብስቤ ቤቴ ወስጄ ማረም ጀመርኩ። የመጀመሪያው ልጅ «እኔ ጎረቤቴ ውኃ የሚቀዳውን ያህል ደጋግሜ እቀዳለሁ» ይላል። ሁለተኛዋ «እኛ ጎረቤቶቻችን የሚበሉትን ያህል ደጋግመን እንበላለን» ትላለች። ሦስተኛው «ወንድሜን ወባ ሌላውን ሰው የሚይዘውን ያህል ይይዘዋል» ይላል። አርባ ገደማ ደብተር አገላበጥኩ። ከአንዱ በቀር ሁሉም «አዝ ኦፍተን አዝ» ነው። አንዷማ «የእኛ ዶሮ የጎረቤታችን ዶሮ የምትጥለውን ያህል ደጋግማ ትጥላለች» ብላ ጽፋ አገኘሁ።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው። «የዚህ አገር ዶሮ ሁሉ እኩል ነው የሚጥለው?» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፣ መምህር» አሉ ባንድ ድምፅ።

አልገባቸውም ብዬ አራት ቀን ሙሉ እንደገና አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ሰዎች ሣልኩ፣ ቀስት ሣልኩ፣ ስለራሴ ሻይ መጠጣት ሳይቀር ተናገርኩ። ስለዚያ ሲኒማ ወዳድ ሰውዬ ስጠይቃቸው አንድም ስሕተት የለም፤ የት ደጋግሞ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቀር ከሚስቱ የተሻለ ያውቃሉ። ስለራሳቸው ጻፉ ስላቸው ግን ተመልሰው እኩል ይሆኑብኛል። ደሜ ፈላ።

ከሁሉም የተለየ የጻፈው በዚያ ክፍል ያለው ብቸኛ የበርታ ወጣት ነበር። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ፂሙ እንዲያውም ከእኔ ይበልጣል። «አጎቴ ከአሶሳ ይልቅ መንጌ ደጋግሞ ይሄዳል፤ ምክንያቱም እዚያ አሸዋው ውስጥ ወርቅ አለ» ብሎ ጽፏል። ከትምህርት በኋላ አስቀረሁትና ጓደኞቹ ለምን እንደሱ እንደማይጽፉ ጠየቅኩት። እንዴት ይህን አታውቅም በሚል ዓይን አየኝ።

«መምህር፣ እኛ ቤት ስንት ጊዜ በላ፣ ስንት ጊዜ ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም» አለኝ። «እነሱ ቤት ይጠይቃል። የሚበልጥ ሰው ይጠራል። የሚያንስ ሰውም ይጠራል። እኩል ከሆነ ማንም አይጠራም፣ ወላሂ።»

እውነቱን ነበር። እኔ ዓይኔ ሥር እያለ አላየሁትም። የጣቢያው ካድሬ በየማለዳው በጎጆዎቹ መሐል እየዞረ ማን ከጋራ እርሻው እንደቀረ፣ ማን ታመምኩ እንዳለ፣ ማን ወደ አሶሳ ገበያ እንደወጣ ይጠይቃል። ከሰው በላይ ገበያ የወጣ ምን ሊያደርግ እንደወጣ ይጠየቃል፤ ከሰው በታች እርሻ የዋለ ለምን እንደቀረ ይጠየቃል። በተለይ በዚያ ሰሞን ሰው ይጠፋ ነበር። አባወራው ቤተሰቡን ጥሎ በእግሩ ወደ ወሎ ይነሣል፣ ደርሶ ሊያስመጣቸው ቃል ገብቶ። ከአብዛኞቹ ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም። ልጆቹ ከሰው አለመብለጥንም አለማነስንም ተምረው ነው ክፍሌ የገቡት።

አንድ ቀን ያህል አፈርኩ። ከዚያ የራሴ ጉዳይ መጣና ኀፍረቴን አስረሳኝ። ከላይ አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሌን ሊያይ ነው ተባለ። እኔ ደግሞ ዝውውር ጠይቄ ነበር፤ ነቀምት የታጨችልኝ ልጅ አለች፣ ሠርጋችን የእኔን መመለስ ነው የሚጠብቀው። ተቆጣጣሪው ጥሩ ከጻፈልኝ ተመለስኩ ማለት ነው። ሁሉም ዶሮ እኩል የሚጥልበትን ክፍል አሳይቼ ግን ማን ያዘዋውረኛል?

ስለዚህ የክፍሉን ጎበዝ ጠራኋት። ከወሎ የመጣች፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ስትጽፍ ምላሷን ጥርሷ መሐል ትይዛለች። «ለእኔ ብቻ እውነቱን ጻፊልኝ» አልኳት።

«አንቱ ብቻ ናችሁ የምታነቡት?»

«እኔ ብቻ።»

በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋ አመጣች። «እናቴ ስለ አገራችን ከአምና ባነሰ ታወራለች» ይላል። «ትንሹ ወንድሜ ከፀሐይ ይልቅ ዝናብ ሲሆን ደጋግሞ ይስቃል» ይላል። ከታች ደግሞ «አባቴ ከማሳው ይልቅ መንገዱን ደጋግሞ ያያል» ይላል። እያነበብኩ ከደስታዬ ብዛት ተነሥቼ ቆምኩ። አንድም ስሕተት የለበትም። እኔ ያየሁት ያንን ብቻ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሦስት ጊዜ «ትክክል» አደረግኩባት። ዛሬ ሳስበው ፊቴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኛል።

የጉብኝቱ ቀን ተቆጣጣሪው የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያላሰብኩት ነገር፣ ካድሬውም አብሮት ገብቶ ጎኑ ተቀመጠ። ልጆቹ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ያያሉ። ልጅቷን ጠርቼ ጠመኔ ሰጠኋትና ስለ አባቷ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ አዘዝኳት። «እኔ ብቻ» ያልኩት ከአእምሮዬ ብን ብሎ ጠፍቷል። እሷ አልረሳችም። ቀስ ብላ ሰሌዳው ላይ «አባቴ ጎረቤቶቹ ማሳ የሚውሉትን ያህል ደጋግሞ ይውላል» ብላ ጻፈች።

«ይኼ አይደለም» አልኩ፤ ቁጣዬ መጣ። «ደብተርሽ ላይ ያለውን ነው።»

ጠመኔውን እንደያዘች ቆመች። ያን ጊዜ ዘወር ብላ አየችኝ። ፈርታ ነበር። የፈራችው ግን እኔን አልነበረም።

ካድሬው ከኋላ «ደብተሩ ላይ ምን ይላል፣ ጓድ መምህር?» አለ።

ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ካድሬው እንግሊዝኛ ብዙም አያነብም፤ ጎኑ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ ግን ያነባል። ከወር በፊት ሁለት አባወራዎች ጠፍተዋል። መንገድ ደጋግሞ የሚያይ ሰው ማለት በካድሬው ዘንድ ሊጠፋ የተነሣ ሰው ማለት ነው፤ የሚጠራው ያንኑ ቀን ነው። ይህ ሁሉ የገባኝ ደብተሩን እስካነሣ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ገጹን ወደ ራሴ አዞርኩና የሌለውን አነበብኩ፤ «መምህራችን ከሌሎቹ መምህራን ይልቅ ደጋግሞ ይቆጣል» አልኩ፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

መጀመሪያ የሳቀው ያ የበርታ ወጣት ነው። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው፣ ከግድግዳው ማዶ ያሉትም ሳቁ። ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ዞራ ያልኩትን ዓረፍተ ነገር በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፈችው፤ ከ«ሞር ኦፍተን» ሥርም አሠመረችበት። ይህን ማሥመር እኔ አላዘዝኳትም። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጫረ፣ ካድሬውም እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ።

ሪፖርቱ ሲደርሰኝ አቀራረቤ መልካም መሆኑን፣ ነገር ግን ተማሪዎቼ ራሳቸው የመሰከሩበትን ቁጣዬን እስካርም አንድ ዓመት በቦታዬ ብቆይ እንደሚሻል ይገልጻል። ሠርጉ ለዓመት ተላለፈ። እጮኛዬ በጻፈችልኝ ደብዳቤ ውስጥ ያለውን እዚህ አልደግመውም። ልጅቷን ግን በጉብኝቱ ቀን ያኔውኑ ከክፍል ውጭ ጠርቼ «አጥፍቻለሁ፤ ቃሌን በልቻለሁ» አልኳት። መሬት መሬት እያየች «ምንም አይደል፣ መምህር» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያነበባችሁት ግን ውሸት አይደለም» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከቀትር በኋላ አባቷ ቤቴ መጣ። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ ዱባ ታቅፎ በሬ ላይ ቆመ። አስገባሁትና ተቀመጠ፤ ዱባውን ግን ጭኑ ላይ እንደያዘ ቀረ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ማሽላው አወራን።

«ልጄ ክፍል ውስጥ የሆነውን ለእናቷ ነግራለች» አለ በመጨረሻ። «ካድሬው ፊት ያላነበባችሁትን አንብቡልኝ እስቲ።»

ደብተሯ ገና እኔ ዘንድ ነበር። አወጣሁና በአማርኛ አነበብኩለት፦ «አባቴ ከማሳው ይልቅ መንገዱን ደጋግሞ ያያል።» የዱባውን ልጣጭ በጥፍሩ ይጭራል።

«እውነቷን ነው» አለ። «ለእኔ አንድ ቀን ብላኝ አታውቅም። ለእናቷም አላለችም። በፈረንጅ አፍ ለአንቱ ተናገረችው።»

«እዚህ ማንም የማያነበው በፈረንጅ አፍ የጻፈችውን ብቻ ስለሆነ ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ከመኸሩ በፊት ብቻዬን ልነሣ ነበር» አለኝ፤ ለመንግሥት ደመወዝተኛ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ምን ማለት እንደሆነ እሱም እኔም እናውቃለን። «ደርሼ ላስመጣቸው። ማንም አላወቀብኝም ብዬ ነበር።» ከዚያ ወደ ደብተሩ በአገጩ እያመለከተ «ሌላስ ጽፋለች ስለኔ?» አለ።

ገጹን ገለጥኩ። ከጀርባው አንድ መሥመር አለ፤ እኔ እስከዚያ ቀን አላየሁትም፣ ስላላየሁትም «ትክክል» አልተደረገበትም። መጀመሪያ በልቤ አነበብኩት። ከዚያ በአማርኛ ነገርኩት።

«እኔ ደግሞ አባቴ መንገዱን ከሚያየው በላይ ደጋግሜ አባቴን አያለሁ።»

«ድገሙልኝ» አለ። ደገምኩለት። ዱባውን መሬት ላይ አስቀመጠና ፊቱን በነጠላው ጫፍ ጠረገ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ሲቆይ እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶ ጠየቀኝ። ቀዩን ሰጠሁት። መሠረተ ትምህርት የተማረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፤ እስክሪብቶውን እንደ ችካል ጨብጦ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከልጁ ዓረፍተ ነገር ሥር ሦስት ፊደል ጻፈ።

አለሁ።

በማግስቱ ደብተሮቹን ለሁሉም መለስኩ። የራሷን ገለጠች፣ ገጹን አዞረች፣ እዚያው ላይ ቆየች። ከዚያ እጇን አውጥታ ለጥቂት ጊዜ ወደ ውጭ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀችኝ። ፈቀድኩላት።