ከሸማ ጉድጓዱ የወጣው ባልጩት

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ነው የሚሠራው። ሽሮ ሜዳ በነበረችው ቤታችን ባሌ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍር፣ ጠርዙ የተሳለ ጥቁር ባልጩት አገኘ። ሙዚየም የሚሠራ አንድ ደንበኛችን አየውና የጥንት ሰው ቢላዋ ነው አለ። "ሌላም ካለ ቀስ ብለህ አውጣ፤ የላዩን አፈር ከታችኛው እንዳትቀላቅል" ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ባሌ ሸማውን ረሳው። እኔ ጥጥ ስፈትል እሱ በሽንኩርት ቢላዋ አፈር ይፍቃል። አፈሩንም አላስደፋ ብሎ እዚያው ቤት ውስጥ ለየብቻ ከመረው።

ዘመኑ ደግሞ ቀይ ሽብር ነው። ሰው ሁሉ መሣሪያና ወረቀት ይቀብራል፣ የኔው ጉድ ግን ቆፍሮ ያወጣል። ትኩስ አፈር የተገኘበት ቤት ምን እንደሚገጥመው ጉለሌ ውስጥ ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ፍርሃት እንቅልፍ ነሳኝ። "ድፋልኝ" ስለው "ይቀላቀላል" ይለኛል።

አንድ ጠዋት የቤት ለቤት አሰሳው እኛ ቤት ደረሰ። ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ገቡ። አለቃቸው አፈሩን ሲያይ ጠመንጃውን አቀባበለ።

"ምንድነው የቀበርከው?"

"ኧረ እያወጣሁ ነው፣ ጓድ።"

"ምን?"

"ድንጋይ።"

እውነቱን ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን እውነት ማን ያምናል?

"ግባና ቆፍር!" አለው።

ባሌ ገባ። አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ ተደግኖ፣ ያንኑ የሽንኩርት ቢላዋ አንስቶ ቀስ እያለ መፋቅ ጀመረ። ሌላ አቆፋፈር የማያውቅ ይመስል! አለቃው ሆን ብሎ የሚያዘገይ መሰለው።

"ይሄ ሰውዬ ይቀልድብናል እንዴ?" አለና ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ።

ዶማ አንስቼ ዘልዬ ገባሁ። ባሌን በክርኔ ገፍቼ "ያው! ያው! እዩት!" እያልኩ ቆፈርኩ። ከሥር ባልጩቱ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ባሌ "ኧረ ቀስ! ኧረ በእናትሽ ቀስ!" ይላል። ዶማው ከዓለት ጋር ሲጋጭ አለቃው በባትሪ አብርቶ አየ። ከድንጋይ በቀር ምንም የለም። ምራቁን እንትፍ ብሎ ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ።

ባሌ ስብርባሪውን በጋቢው ጫፍ ለቀመ።

"ስንት ዘመን ደህና ቆይቶ" አለኝ።

"አንተ እኮ እስከ ምሳም አትቆይልኝም ነበር!" ብዬ ጮኽኩበት። ከዚያ ጋቢውን ጨምድጄ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤት ገብቶ እስኪያላቅቀን ድረስ አልለቀቅኩትም።