የባለቤቴ ሱሪና የጣራ ገዳም ዝንጀሮዎች

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ጫማ ከጭቃ መጎተት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ወደ ሐይቁ በኩል ያለችው የሩዝ ማሳችን ጉማሬ ገብቶባታል ብለው ነግረውን ልናይ ሄድን። እውነትም ገብቶባታል። ከዳር እስከ ዳር መንገድ አውጥቶ፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን ረግጦ ሄዷል። እኔ ስለ ሩዙ ሳዝን ባለቤቴ ከዱካው አጠገብ ቆሞ ማስተማር ጀመረ።

"በጉማሬና በውሃው መካከል እንዳትቆሚ። ጉማሬ የሚገድልሽ ጠልቶሽ አይደለም። ቤቱ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ስለቆምሽበት ነው።"

ይህን እያለ የዱካውን ጥልቀት ሊያሳየኝ እግሩን ከተተበት። እግሩ ወጣ፤ የላስቲክ ጫማው ቀረ። እሱ በዱላው፣ እኔ እስከ ክርኔ ድረስ በእጄ ታገልን። አልወጣም። በአንድ ጫማ እያነከሰ ወደ ቤት ሲመለስ እስከ ወረታ መግቢያ ድረስ ሳቅሁበት።

"ሳቂ፣ ሳቂ" አለኝ። "ነገ ጉማሬው ተጫምቶት ሲመጣ ማን እንደሚስቅ እናያለን።"

በማግሥቱ ቁርስ አቅርቤ ስጠራው አልመለሰልኝም። ልቡ ነው አሉ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ሁለት ቀን አስቀምጬ ነበር። አሁን ልቀጥል።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የፎገራን ከብት በየቀበሌው እየዞረ የከተበ ሰው ነው። መኪና የማይገባበት ሁሉ በእግሩ ስለሚሄድ ከአውሬ ጋር መገናኘቱ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ለያንዳንዱ አውሬ ሕግ ነበረው፤ ሕጉን ደግሞ ሳይጠየቅ ይናገራል። ጡረታ ወጥቶ ለጤናው ብሎ በእግር መጓዝ ሲጀምር እኔንም እያስከተለ፣ ከሐሙሲት ወዲህ ያለውን ገጠር ሁሉ አዳረስን። እሱ ከፊት እያስተማረ፣ እኔ ከኋላ እየተከራከርኩ።

"ከርከሮ ከመጣብሽ ዛፍ ላይ ውጪ" አለኝ አንድ ቀን።

"ፎገራ ሜዳ ላይ ዛፍ የት አለ?"

"ፈልጊያ!"

"ፈልጌ እስካገኝ ከርከሮው አርጅቶ ይሞታል።"

"እሱም አንድ ዘዴ ነው" አለ፣ ሳይስቅ።

የጅቡ ሕግ "አትሩጪ" ነበር። አንድ ምሽት ግን የክትባት ሣጥኑን ጥሎ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ። ጅብ አግኝቶት ነው። "አትሩጪ አላልክም?" ስለው፣ "አትሩጪ አልኩ እንጂ አልሮጥም አላልኩም" አለ።

ከሁሉም የረዘመው የዝንጀሮ ሕግ ነው። ዓይን ዓይኑን አትዪው። ስንቅሽን አታሳዪው። ጥርስሽን አታሳዪው፤ ሳቅ ለእሱ ስድብ ነው። አትጩሂ። ከሁሉ በፊት ግን ከወንድ ጋር ሂጂ፤ ዝንጀሮ ሴት አይፈራም። ይህን የመጨረሻውን እንኳ ማንም የአገራችን ሰው ያውቀዋል። ማሳ የሚጠብቅ ወንድ ብቅ ሲል ተነሥቶ የሚሮጥ መንጋ፣ ሴት ስትመጣ ቀና ብሎ አይቶ መብላቱን ይቀጥላል። በዚህ ነገር ላይ ከባለቤቴ ጋር ብዙ ተጨቃጭቀናል፤ ዝንጀሮዎቹን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

ባለቤቴ ሲሞት አንድ ያልተከፈለ ስለት ነበረበት። ጉልበቱን ታሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ በከረመ ጊዜ፣ "ከዳንኩ ከማሳዬ አንድ ቁና ሩዝ በጀርባዬ አዝዬ፣ ከአዲስ ዘመን ተነሥቼ በእግሬ ጣራ ገዳም አደርሳለሁ" ብሎ ተስሏል። ጉልበቱ ዳነ። አዝመራው እስኪደርስ ሲጠብቅ እሱ ቀደመ። የሟች ስለት በቤተሰብ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። የነፍስ አባታችን "ልጄ፣ ሰው ላኪ፤ ችግር የለውም" ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሰው መላክ አልሆነልኝም። በቀብሩ ቀን ሴቶቹ ሁሉ ሲያለቅሱለት፣ ሲያሞግሱት፣ ከእኔ ጉሮሮ ድምፅ አልወጣም ነበር። ደንግጣ ነው አሉ። ሌላም ሳይሉ አልቀሩም። አዝመራው ሲደርስ ጉማሬው ካልነካው ጥግ አንድ ቁና ሰብስቤ፣ ቢያንስ ሩዙን እኔው ላድርስለት አልኩ።

የቀረው የዝንጀሮዎቹ ነገር ነው። የጣራ ገዳም ጫካ መንገድ የእነሱ ነው።

ከጣራ ገዳም ግርጌ ተወልዳ ወረታ ያገባች ጎረቤት አለችኝ። ጭንቀቴን ስነግራት ሳቀችብኝ። "እኛ አገር ሴት ማሽላ የምትጠብቀው የባሏን ኮት ደርባ፣ ዱላ በትከሻዋ አግድማ ነው። ዝንጀሮ ሞኝ ነው፤ ሱሪ ያከብራል።"

"ባል የሌላትስ?"

"የወንድሟን ትለብሳለች።"

"ወንድም የሌላትስ?"

"እሷማ ማሽላም የላት" አለች።

ባሕር ዳር ላለችው ልጃችን ደወልኩ። "የአባትሽን ሱሪ ለብሼ ገዳም ልሄድ ነው" አልኳት።

"እማዬ፣ ይህ ሐዘን ነው ወይስ ሌላ ነገር?"

"ሐዘንም አለበት፤ ዝንጀሮም አለበት።"

"መኪና እልካለሁ። እስከ በሩ ያደርስሻል።"

"አባትሽ 'በእግሬ' ብሎ ነው የተሳለው።"

"እግር ያለው ሌላ ሰው የለም?"

"አለ፤ የኔ።"

ባለቤቴ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ እኔ አጭርና ሰፊ ነኝ። ሱሪው ከጭኔ አላልፍ አለ። ከመስጊዱ አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። ገና ከፌስታሉ ሳወጣው አወቀው።

"ይህ የእኔ ስፌት ነው፣ እትዬ። አላህ ያጽናዎት።" ሱሪውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰው። "ለማን ላስተካክለው?"

"ለእኔ።"

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ መልሶ አንገቱ ላይ አደረገው። ለምን እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ቀኑን ሙሉ ለዝንጀሮ ሲሰፋ እንደዋለ ሰው። "እንግዲያ በሁለቱም ጎን ጨርቅ ልጨምርበት ነው። ጥቁር ላድርገው፤ ሐዘንም ነውና።" ከዚያ ወደ ግድግዳው እያየ፣ "ወገብዎን እርስዎ ለክተው ይንገሩኝ" አለ።

ሳምንቱን በሙሉ ግቢዬ ውስጥ የወንድ አካሄድ ተለማመድኩ። ጎረቤቴ አጥር ላይ ተደግፋ ታርመኛለች። "ኧረ ዳሌሽን ተይው! እንደ ተቆጣ ሰው ተራመጂ! መሬቱ የአባትሽ ነው በይ!" ዶሮዎቼ ሦስት ቀን ሸሹኝ። ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ቆጠርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት በጥቁር ቀሚሴ በሚኒባስ አዲስ ዘመን ወረድኩ። ከከተማው ወጥቼ የአቀበቱ መነሻ ላይ አንድ ክትክታ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ቀሚሴን ሱሪው ውስጥ ጠቀጠቅሁ፣ በመቀነት አሠርኩት፣ የባለቤቴን ኮት ደረብኩ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ፣ ሩዙን አዘልኩ። ብቅ ስል እንጨት የተሸከመች ሴት ፊት ለፊት ቆማለች። ሴት ስትገባ አይታለች፤ አሁን ወንድ ወጣ።

"በስመ አብ!" አለች።

"እህቴ፣ አትደንግጪ፤ እኔው ነኝ" አልኳት። ይህን ስትሰማ እንጨቱን ጣለችው። የተበተነውን ለቅሜ እስካሸክማት፣ ስለ ዝንጀሮም እስካስረዳት ድረስ ፀሐዩ ከፍ አለ። ስትሄድም ሦስት ጊዜ ዞራ አይታኛለች።

አቀበቱን ከግማሽ በላይ ስወጣ መንገዱ ሞልቶ ጠበቀኝ። እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለዋል፤ ጎረምሶቹ ድንጋይ ላይ ሰፍረዋል፤ መሀል መንገዱ ላይ ጎፈሩ እንደ ካባ የወረደለት አንድ ትልቅ ወንድ ዳኛ መስሎ ተቀምጧል።

አልሮጥኩም። ዓይኔን መሬት ላይ አደረግሁ። ዱላዬን በትከሻዬ አግድሜ ሁለት እጆቼን ሰቀልኩበት። ባለቤቴ እንደሚያደርገው ጉሮሮዬን አንድ ጊዜ፣ ወፈር አድርጌ ጠረግሁ። ትልቁ ዝንጀሮ ቆቡን አየ፤ ኮቱን አየ፤ ሱሪውን ትንሽ አብዝቶ አየ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ለሽማግሌ መንገድ እንደሚለቅ ጨዋ፣ ወደ ጎን ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አሥር እርምጃ ያህል አለፍኳቸው። ደስታው ከአፌ አመለጠኝ። "ተመስገን ጌታዬ!" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በገዛ ድምፄ።

ኋላዬ ያለው ጫካ ጸጥ አለ። ዞር ስል ሁሉም ዞረው ያዩኛል። ተታለው እንደነበር የገባቸው ይመስላሉ። ትልቁ ዝንጀሮ እየተዝናና መጣና፣ ሌላ ምንም ሳይል፣ ጆንያዬን ከኋላ ጨብጦ ሳበ። እኔም ሳብኩ። ስፌቱ ተተረተረ፤ የባለቤቴ ሩዝ ቁልቁል ፈሰሰ።

እዚያ ላይ የተማርኩትን ሁሉ ረሳሁ። ዓይን ዓይኑን አየሁት። ጥርሴን አሳየሁት። ጮኽኩበት።

"አንተ ሰውዬ! ምን አስቸኮለህ? ማን ጠራህ? ስለትህን ጀርባዬ ላይ ጭነህ፣ ሻዩ ፈልቶ፣ ቁርስ ቀርቦ፣ ሳትነግረኝ ትሄዳለህ? ማሳውን ለማን ትተህ ነው? ልጅህ ስትደውል ምን ልበላት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አትሩጪ፣ አትሩጪ እያልክ አንተ ሮጥክ! በል መልስልኝ!"

ዝንጀሮው እጁን ከጆንያው ላይ አነሣ። ግራ ገብቶት ወደ ኋላው አየ፤ ምናልባት የምናገረው ለሌላ ሰው መስሎት ይሆናል፤ አልተሳሳተም። ከዚያ ሁለት እርምጃ አፈገፈገ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ ሄዶ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ከእኔ በፊት እንዲህ የጮኸችበት ሴት ያለች አይመስለኝም፤ ካለችም ሚስቱ ናት።

እኔም መንገዱ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በቀብሩ ቀን ማልቀስ እንደነበረብኝ፣ በሙሉ ድምፄ፣ እስኪበቃኝ። ሲበቃኝ ሩዙን መልቀም ጀመርኩ። እኔ ከላይ በኩል እለቅማለሁ፤ ልጆቻቸው ከታች በኩል ይለቅማሉ። ማንም ማንንም አልነካም። ጆንያውን በመቀነቴ አሥሬ፣ ሱሪውን በአንድ እጄ ይዤ ወጣሁ።

የገዳሙ ቅጥር በር ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር። "እንኳን ደኅና መጣህ፣ ወንድሜ" አሉኝ።

"አባ፣ ሴት ነኝ።"

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። "ሴት የወንድ ልብስ መልበስ እንደሌለባት ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ፣ አባ። ለዝንጀሮዎቹ ብዬ ነው።"

"ጠቀመሽ?"

"ዝም እስካልኩ ድረስ።"

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። የሟች ባለቤቴን ስለት፣ በእግሩ ሊያደርስ መሳሉንም ነገርኳቸው። ከግንቡ ኋላ ሄጄ በቀሚሴ ስመለስ ቁና አስመጥተው ጠበቁኝ። ሩዙን ገለበጡት፣ ጠጠሩን ለቀሙለት፣ በመዳፋቸው አስተካከሉት፣ ዝቅ ብለው አዩ።

"ጎድሏል" አሉ።

"ዝንጀሮ በልቶት ነው፣ አባ።"

"የተሳለው ስንት ነበር?"

"አንድ ቁና።"

"እንግዲያ ቀሪውን ታመጫለሽ።"

"በመኪና ብልከውስ?"

"በእግሩ ነው አላልሽም?" አሉና ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

ቁልቁለቱን ስወርድ በእኚህ መነኩሴ ላይ ስነጫነጭ ነበር። ለአንድ ጭብጥ ሩዝ! ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ግን ለሚቀጥለው ወር የትኛውን ጆንያ እንደምይዝ እያሰብኩ ነበር። ዝንጀሮዎቹ ከሩቅ አዩኝ፤ በቀሚስ ነኝ፤ የቀረበኝ ግን የለም።

በወሩ ሁለት እጥፍ አድርጌ በሰፋሁት ጆንያ ቀሪውን አደረስኩ። መነኩሴው ሰፍረው "ሞልቷል፤ ነፍሱን ይማር" አሉ። ለልጄ ደውዬ ነገርኳት። "በቃ፣ ስለቱ አለቀ አይደል እማዬ?" አለችኝ። አለቀ አልኳት።

አሁን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ትንሽ ሩዝ አዝዬ ከአዲስ ዘመን በእግሬ ወደ ጣራ ገዳም እወጣለሁ፤ ከግርጌው ጀምሬም የወሩን ወሬ ጮክ ብዬ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ።